ያለ ባለቤቱ የደረሰ ልብስ

ሊዮፖልድቪል፣ ኮንጎ
ኅዳር 28 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ይርጋነሽ፤
ቢቸና።

እናት ዓለም፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? እኔ ከሞትሁ ወዲህ ደህና ነኝ። ተዝካሬ ያማረ እንደ ነበር ይርሳው ከሞጣ ጽፎልኛል፤ የነቀፈው የጠላውን መቅጠን ብቻ ነው። በቁሜ ሳለሁ ሌባ ሲለኝ የኖረው ጎረቤታችን እንኳ «እንዲህ ያለ ሰው ዳግመኛ አይወለድም» እያለ ደረቱን ሲደቃ ዋለ አሉ። ስመለስ ይህችን ቃሉን በሦስት ሽማግሌ ፊት አስደግመዋለሁ።

ቀልዱ ይቁምና፣ እናቴ፣ አልሞትሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይርሳው አብሮኝ የዘመተ የሞጣ ልጅ ነው። ጊዜውን ጨርሶ ወደ አገር ሲገባ ካፖርቴን፣ ሁለት ሱሪዬንና ጫማዬን አስያዝሁት። «ካፖርቱን አሳጥረው ለልጄ ለአምሳለች ይስፉላት» አልሁ እንጂ አልቅሱበት አላልሁም። እሱ ግን በነሐሴ ጭቃ ከደጀን በበቅሎ መጥቶ፣ ሲመሽበት ከወንዝ ማዶ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ከደጃፍዎ ቆመ። ሞኝ! የሰው ልብስ ታቅፎ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ፣ ያውም በማለዳ! በእኛ አገር መርዶ ነጋሪ ከዚህ ሌላ ምን መልክ አለው?

«ምነው? ልጄ ምን ሆነ?» አሉት።

«ደህና ነው፣ እማማ።»

መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ «ደህና ነው» ይላል።

«ትንሽ አሞት ነበር እንጂ አሁን ደህና ነው» ብሎ ጨመረበት። ይኸኔ እርስዎ ነጠላዎን ጣሉ፤ መንደሩም እሪ አለ። «ኧረ በማርያም አልሞተም!» ብሎ ቢጮህ ሽማግሎቹ «ተዉት፣ አታስጨንቁት፤ ቀስ ብለህ ንገር ተብሎ ነው» አሉ። የሚያደርገው ቢጠፋው ቁጭ ብሎ አብሮ አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስ መሞቴን የሚጠራጠር ሰው አልቀረም። ልብሴ መደብ ላይ ተዘርግቶ ሙሾ ወረደበት።

ይርሳውን አልረግመውም። ምላሱን ያሰርሁት እኔ ነኝ። «የእግሬን ነገር ለእናቴ ትንፍሽ እንዳትል» ብዬ በወንጌል አስምዬዋለሁ። ምስጢር የሚያመጣውን ስላየሁት አሁን ራሴ ልንገርዎ። በሰኔ የተሳፈርንበት የጭነት መኪና ተገለበጠ፤ ግራ እግሬ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ጥይት ቢሆን ይፎከርበት ነበር። በመኪና ግን አይፎከርም፤ ገዳዩ እሱ፣ የተገደለውም የእኔ እግር። ጫማውን ሁለቱንም የላክሁት አንዱን ብቻ መላክ ቢያሳፍረኝ ነው።

«ታዲያ ለምን አትመጣም?» ይሉኝ ይሆናል። የቆሰለ የሚመለሰው በተራ ነው፤ ቤተሰብ ያለው ይቀድማል። ደግ ሕግ ነው። ጸሐፊው ሆስፒታል ድረስ መጥቶ፣ ቅጹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጠየቀኝ።

«ሚስት?»

«በወሊድ ሞታለች።»

«ላጤ» ብሎ ጻፈ።

«ኧረ ልጅ አለችኝ! አሥር ዓመቷ ነው።»

«የልጅ ቦታ ከሚስት ሥር ነው ያለው። ሚስት ከሌለህ ልጅቱን ምን ሥር ልጻፋት?»

«በዳሩ ጻፋት።»

«ዳሩ የማኅተም ቦታ ነው» አለኝ፤ አልዋሸም፤ ወዲያው መታበት።

እንግዲህ አምሳለች ለማኅተም ቦታ ለቀቀች፤ እኔም ከላጤዎቹ መጨረሻ ተሰልፌ ይኸው አምስት ወር ሆነኝ። ሌሊት ተነሥቶ ልጅ የሚያለብስ ላጤ፣ ሹሩባ መሥራት ያልቻለ ላጤ፣ ሲዘምት ልጁን ከአሮጊት እናቱ ጋር ጥሎ ዞሮ ማየት የፈራ ላጤ። መንግሥት ካለ ምን ይደረጋል።

ትናንት የይርሳው ደብዳቤ ሲደርሰኝ በምርኩዜ እየነጠርሁ ወደዚያው ጸሐፊ ሄድሁ። «ለቤቴ ቴሌግራም ላክልኝ፤ አልሞተም በልልኝ» አልሁት። «ቴሌግራም የተፈቀደው ለሞተ ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው ደብዳቤ አለለት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብሞት ኖሮ በሳምንቱ ትሰሙ ነበር። ስላልሞትሁ ኀምሳ ሁለት ቀን ይፈጃል። የይርሳው ደብዳቤ የፈጀው ይህን ያህል ነው።

ያንቀጠቀጠኝ የተዝካሬ ወሬ አይደለም፣ እናቴ። የአምሳለች አጎት፣ የሟች ሚስቴ የበዛብሽ ወንድም መሪጌታ አካለ ወልድ፣ ልጄን ለሞጣው ባላምባራስ ወልደ ኪዳን ልጅ ሰጥተዋታል አሉ። «አባት የሌላት ልጅ አጥር የሌለው ጓሮ ናት» ብለው። ሰርጉም ለአስተርእዮ ማርያም፣ ጥር ሃያ አንድ ነው አሉ። ይርሳው ሄዶ «አባቷ አለ እኮ!» ቢላቸው፣ «በለቅሶው ቀን ተንሰቅስቀህ ያለቀስህ አንተ አይደለህም? አለ ካልህ ቃሉን አምጣ» ብለው መለሱት።

ቃሌ ይኸውና፤ እኔ አባቷ አልሰጠሁም። በዛብሽን የሰጡኝ በዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በዐሥራ አምስት ዓመቷ ቀበርኋት። ያን ጊዜም አጥር ይሆናታል ተብሎ ነው ለእኔ የተሰጠችው።

ደብዳቤውን ሌላ ሰው የጻፈው መስሎዎ እንዳይጠራጠሩ ከእኔና ከእርስዎ በቀር የማያውቀውን ልንገርዎ። በዛብሽ በሞተች በሦስተኛው ቀን፣ ሕፃኗን አላይም ብዬ ከጎተራው ኋላ ተቀምጬ ሳለሁ፣ እርስዎ መጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጧት። «ብትሻ አንሣት፣ ብትሻ ተዋት፤ እኔ አላየሁም» ብለው ፊትዎን አዙረው ሄዱ። አነሣኋት። ስመለስ እርስዎ እሳት ሲቆሰቁሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔና እርስዎ ይህን አንሥተን አናውቅም። በዚህ ይመኑኝ፣ እናቴ።

ለመሪጌታም እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ፤ «እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ አልቀየምዎትም፤ የሞተ ሰው ልጅ መስሎዎት ነው። እንግዲህ ግን ያውቃሉ።»

ደብዳቤዬ እንደ ይርሳው ከተጓዘ፣ መኪናውም ዓባይ ድልድይ ላይ ካልተበላሸ፣ ጥር ሃያ ቢቸና ይገባል። ሰርጉ በማግሥቱ ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት፤ ቁጥሩ አልተለወጠም። ዛሬ ለሚነሣው አውሮፕላን ስለምሰጠው ማሳጠር ይኖርብኛል።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ እናቴ። እንዲያ አድርገው ስላለቀሱልኝ ምድር ስሜ እጅ እነሣለሁ፤ ያን እንባ ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ።

ከዚህ በታች ያለው ለአንባቢው ነው።

ለእናቴ ደብዳቤ የምታነብላቸው አምሳለች ናት፤ አራተኛ ክፍል ገብታለች። አምሳለችዬ፣ የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ እዚህ ላይ አቁሚ። የጎተራውን ነገር ያነበብሽው አንቺ ከሆንሽም ይቅር በይኝ፣ ልጄ፤ ሦስት ቀን ብቻ ነው። አሁን ደብዳቤውን ይዘሽ ወደ መምህርሽ ወደ አቶ ፋንታ ሩጪ። በመንገድሽ ላገኘሽው ሁሉ «አባቴ አለ!» በይ። ጮክ በይ። የሰርግ ልብስ አልብሰውሽም ቢሆን በእሱው ሩጪ።

የምታነበው ሌላ ሰው ከሆንህ ግን፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን ቀስ ብለህ አጽናናልኝ። ደብዳቤውን አጥፈህ ለአምሳለች ሞጣ፣ ከአማቶቿ ቤት ላክላት። ማንም አያንብብላት፤ እሷ ራሷ ማንበብ ትችላለች።

የአምሳለች አባት
አሥር አለቃ አምባቸው