የበርበራዋ ጎባጣ

ሥራዬን አላጣሁም ፋሪዳዬ፤ ጭራሽ ቋሚ አደረጉኝ፣ አልሐምዱሊላህ! ሰላምታውን ከደስታዬ የተነሳ ዘለልኩት። ድካሙ ግን አይጣል ነው። እዚህ ሀርጌሳ፣ ግድግዳው ገና በሚለሰን ኮሌጅ ወጥ ቤት ገባሁ አላልኩሽም? በርበራ ባሕር ዳር የሞተች ዶልፊን አምጥተው "ቀቅለው አጥንቷን ያጽዱልን፣ ለተማሪ ማሳያ ነው" አሉኝ። እኛ ድሬ የበግ እግር እንደምንቀቅለው መስሎኝ እሺ አልኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጭስ በላኝ። አጥንቱ ሲደረደር ጀርባዋ ላይ ሦስቱ ተጣብቀው ጎብጠዋል። መምህሩ ናጂብ "እትዬ ጣይባ፣ እሳት አብዝተው አበላሹት፤ ሌላ ሰው እንቀጥራለን" አይለኝም! "አንተ፣ ቅቅል አጥንት ይፈታል እንጂ መች ያጣብቃል?" ብዬ ጮህኩ። ዓሣ የሚያመጣልን አደን የሚባለው የበርበራ አጥማጅ ጩኸቴን ሰምቶ ገባና "ውይ፣ ጎባጣዋ!" አለ፤ ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደጎበጠች ከጓደኞቿ እኩል ስትዋኝ ያውቃታል። ናጂብ አፍሮ "አውፍ በሉኝ" አለና የቋሚነቴን ደብዳቤ ራሱ አስፈረመ። አሁን የኔ ወገብ ከእሷ ብሷል። ካርዱ አለቀ፤ ልጅሽን ሪሀናን ሳሚልኝ፣ ጎረቤቱንም ሰላም በይ። አጥንቷ አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀለው ከኢድ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ ነው፤ ድግሱ ግን እኔ ቤት በማግስቱ፣ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ። ማንም እንዳይቀር!