ሳይሰሙ ለሞቱት የተሟገቱት የእትዬ እንፋሎት የሕይወት ታሪክ

ሁላችሁም እትዬ እንፋሎት እያላችሁ የምትጠሯቸው እናታችን፣ በድንጋይ ጠራቢነት ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ያረፉት እሳቸው ገና ድክ ድክ ሲሉ ስለነበር፣ እሳቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ያሳደጉት እናታቸው ብቻቸውን ናቸው። ቤታቸው ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። የእጥበት ክፍሉ የሙቅ ውሃ ቧንቧ በግድግዳዋ ሥር ስለሚያልፍ፣ በብርድ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ይመጣባት ነበር።

እትዬ እንፋሎት ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተከታተሉ። እናታቸው የሳንባ ሕመም ሲጠናባቸው ግን በ1963 ዓ.ም. ደብተራቸውን አስቀምጠው በእናታቸው ቦታ ሥራ ገቡ። “አንዳችን ከተማርን ሁለታችንም ተምረናል” ብለው ወንድማቸው ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ አደረጉ።

ሥራቸው የሕሙማኑን አንሶላ በትልቁ ካውያ አሳልፎ ማጠፍ ነበር። ቅጽል ስማቸውን ያገኙትም እዚያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ስለሚውሉ ብቻ ሳይሆን ቁጣቸውም እንደዚያው ፈጥኖ የሚነሣ፣ ፈጥኖ የሚጠፋ ስለነበር። አንድ ሐኪም እስክሪብቶ ኪሳቸው ውስጥ ረስተው ጋውናቸውን ወደ እጥበት ሲልኩ፣ እትዬ እንፋሎት እስክሪብቶውን ይዘው እስከ ምርመራ ክፍሉ ይሄዱና፣ “ይኸው በሽተኛዎ፤ ደሙን ሁሉ ጋውንዎ ላይ አፍስሶ ሞቷል” ይሏቸው ነበር። ሐኪሞቹ ይፈሯቸዋል፤ ይወዷቸዋልም።

እናታቸው በ1966 ዓ.ም. አረፉ። በዚያን ጊዜ በቤታቸው ስለ እግዚአብሔር ተወርቶ አያውቅም። ወንድማቸው ብቻ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ወደዚህ ጸሎት ቤት መምጣት ጀምረው ነበር፤ ለእናታቸው ግን አልነገሯቸውም። ከቀብር መልስ እትዬ እንፋሎት፣ “እማዬ አሁን የት ናት?” እያሉ አልቅሰው አልቅሰው ድምፃቸው ሲዘጋ፣ ወንድማቸው አጠገባቸው ተቀምጠው እንዲህ አሏቸው፦ “አብርሃምስ መች ወንጌል ተሰበከለት? ኖኅስ? ጌታ ሲሞት እኮ ዝም ብሎ አልተኛም። ሲኦል ድረስ ወርዶ፣ ሳይሰሙ ለሞቱት ራሱ ነገራቸው። እማዬንም አይረሳትም።”

እናታችን በክርስቶስ ያመኑት በዚህ ቃል ነው። የሞተ ሰው ድረስ የሚሄድ አምላክ ካለ እኔም ልከተለው ብለው በ1967 ዓ.ም. ተጠመቁ። ወንድማቸው የስብከት ጥሪ አለኝ ባሉ ጊዜም በሁለት ፈረቃ እየሠሩ የሥነ መለኮት ትምህርታቸውን አስጨረሷቸው። እጃቸው በካውያው ተቃጥሎ በፋሻ ተጠቅልሎ እንኳ ከሥራ አልቀሩም።

በ1970 ዓ.ም. ከሆስፒታሉ አናጺ ከአባታችን ጋር በትዳር ተሳሰሩ። አባታችን የአንሶላውን መደርደሪያ እንዲሠሩ ታዝዘው፣ መደርደሪያው ደጋግሞ እየወደቀ ደጋግመው ይመላለሱ ነበር። በኋላ እትዬ እንፋሎት፣ “ሰውየው ሙያ አጥቶ ነው ወይስ ምክንያት?” ብለው ቢጠይቁ፣ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጆች ወለዱ።

ወንድማቸው ተመርቀው በዚሁ ጸሎት ቤት ሰባኪ ሆነው ሲሾሙ ከእትዬ እንፋሎት የበለጠ የተደሰተ አልነበረም። ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እያንዳንዷን ቃል ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከታተሉ ነበር። በ1975 ዓ.ም. አንድ እሑድ ሰባኪው ከክርስቶስ በፊት ስለሞቱት ሰዎች አስተማሩ። አበው ተስፋውን እየጠበቁ ስለሞቱ ጌታ ከሲኦል አወጣቸው፤ ያልጠበቁትን ግን የሚጠብቃቸው የለም አሉ። ቀጥለውም፣ “ምሳሌ ከሩቅ አላመጣም። የወለደችኝ እናቴ ሳታምን ሞታለች፤ የት እንዳለች አውቃለሁ” ብለው አለቀሱ። ጉባኤው አሜን አለ።

እትዬ እንፋሎት ከመቀመጫቸው ተነሡ። “አሜን ያላችሁ ሁሉ እናታችሁ በሕይወት ያለች ናችሁ” ብለው በመካከል አልፈው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። አልተቀመጡም። “በቀብሯ ዕለት ያልከኝስ?” አሏቸው።

“ያኔ ልጅ ነበርኩ እትዬ። ገና አላወቅኩም ነበር።”

“እና እኔ የተጠመቅኩት አንተ ባላወቅከው ነው?”

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሽማግሌዎች እትዬ እንፋሎትን አስጠሯቸው። እሑድ እሑድ በሚያስተምሩበት የሕፃናት ክፍል፣ ጌታ ወደ ሲኦል የወረደው ለጥቂቶች ብቻ አይደለም ብለው ይናገራሉ የሚል ክስ ቀርቦባቸው ነበር። እሳቸውም አልካዱም። “ኢዮብ ከየትኛው ጸሎት ቤት ነበር? ማን ሰበከለት?” ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ከማስተማር አገዷቸው። ሰብሳቢው ወንድማቸው ነበሩ፤ ጫማቸውን እያዩ እጃቸውን ከሌሎቹ ጋር አወጡ። እናታችን ከዚያ በኋላ፣ “ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ” ሲሉ ማንን ማለታቸው እንደሆነ ቤት ውስጥ የሚጠይቅ አልነበረም። እንፋሎት ያልነውም ቁጣቸው ይህን አንዱን ነገር ሊያልፈው አልቻለም።

ብዙዎች ጸሎት ቤቱን ይለቃሉ ብለው ጠብቀው ነበር። አለቀቁም። ከበሩ አጠገብ ያለውን የመጨረሻውን አግዳሚ ያዙ። “የከዳኝ ወንድሜ እንጂ ጌታ አይደለም፤ በወንድሜ ተናድጄ ከጌታ ቤት ምን አስወጣኝ?” ይሉ ነበር። ከወንድማቸው ጋር ግን ከእግዚአብሔር ይመስገን ያለፈ ንግግር አልነበራቸውም። የወንድማቸው ልጆች ሲታመሙ ሄደው ያስታምማሉ፤ ወንድማቸው ሲገቡ ነጠላቸውን አንሥተው ይወጣሉ።

በ2002 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። በ2009 ዓ.ም. አባታችን አረፉ። እናታቸውን የወሰደው የሳንባ ሕመም ባለፈው ዓመት እሳቸውንም ያዛቸው፤ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው ወንድማቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ከእኛ ከልጆቻቸው አንዷ ትራሳቸውን ደግፋ ስለነበር የተባባሉትን ሰምታለች።

ወንድማቸው፣ “እትዬ፣ ልጅ ነበርኩ ያልኩሽ ውሸት ነው። ያን ቀን ልቅሶሽን ላስቆም ብዬ ተናገርኩ እንጂ እኔስ አላመንኩትም ነበር” አሉ። ቀጥለውም፣ “ለእማዬ መንገር እችል ነበር። ትስቅብኛለች ብዬ አፍሬ ተውኩት። ከመድረክ ላይ እሷን ስኮንን የኖርኩት ራሴን ላለመኮነን ነው” አሉ።

ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ክህደት እንደሆነ ከእናታችን ፊት ያስታውቅ ነበር። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ “አንተ እኔን ዝም ለማሰኘት ብለህ ተናገርከው፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ኖርኩበት። በአንተ ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ በፈረሰ። ጌታ መውረዱን ራስህ ትሰብካለህ፤ እዚያ ድረስ ወርዶ ማንን አውጥቶ ማንን እንደተወ የምጠይቀው እሱን ነው።” ትንፋሻቸውን ሰብስበው ጨመሩ፤ “ይቅር ብዬሃለሁ። ቀብሬ ላይ ግን እንዳትሰብክ። ከፈለግህ ተሸከመኝ።”

እናታችን ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። በኑዛዜያቸው መሠረት በዛሬው ሥርዓት ስብከት የለም። ወንድማቸው አስከሬናቸውን ከፊት በቀኝ በኩል ተሸክመው ገብተዋል።

እትዬ እንፋሎት ሦስት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። አንሶላ አብረዋቸው ያጠፉ የሥራ ባልደረቦቻቸውን፣ በሕመማቸው ያልተለዩአቸውን ጎረቤቶችና በሕፃናት ክፍል ያስተማሯቸውን፣ ዛሬ ራሳቸው ወላጅ የሆኑትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ወደ ታሰሩት የወረደው ጌታ የእናታችንን ነፍስ በእቅፉ ይቀበል። ሳይሰሙ የሞቱትን አያታችንን እስከዛሬ በዚህ አዳራሽ በጸሎት ያሰባቸው የለምና፣ እኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ለሁለቱም ነፍስ አንድ ላይ ምሕረቱን እንለምናለን።