ከደጃፌ ስለተተከለው ምሰሶና መውጫ ስላጣችው ኤሊ

ለተከበሩ ሚስተር ሄስኬት ራምላካን
የሞንክሌር ከተማ ምክር ቤት የመንገድ መብራት ክፍል ዋና ኃላፊ
ሞንክሌር፣ ትሪኒዳድ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ከመስኮቱ ጀርባ ሆና “ነገ ተመለስ” ስትለኝ ለሰነበተችው ጸሐፊዎ የጉሮሮ ጤና እጸልያለሁ። በዚህ በካርኒቫል ሰሞን ሙቀት የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እንዳይቋረጥብዎ ልባዊ ምኞቴ ነው። እኔ ደህና አይደለሁም፤ እሱን ግን ቆይተን እንደርስበታለን።

ስሜ ኦስሪክ ፒየር ይባላል፤ የምኖረው ጉዋቫ ቅያስ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሥራዬ ሽቦ ማጠፍ ነው። እንዲህ በአጭሩ ሲባል ትንሽ ስለሚመስል ላስፋው። በዚህ ደሴት ላይ ሽቦን እንደ እኔ የሚያጥፍ ሰው የለም፤ አለ የሚል ካለ አድራሻውን ይላኩልኝና ሄጄ አስተምረዋለሁ። የማንም ቅጥረኛ አይደለሁም። አለቃ የለኝም ብዬ ስኮራ ኖሬ፣ ኋላ ላይ እንደገባኝ ያዘዘኝ ሰው ሁሉ አለቃዬ ነው። ጠዋት ሙሽሮች የሚያልፉበትን ቅስት አጥፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ለቀብር የሚሆን የአበባ ጉንጉን ክብ አጥፋለሁ፤ አንድ ጊዜ ሁለቱ ተቀያይረው ሄደው ሙሽራዋ እስከ ዛሬ አላወቀችም። ካርኒቫል ሲቃረብ ደግሞ የጭፈራ ቡድን መሪዎች ይመጡና “ኦስሪክ ወንድሜ፣ ትንሽ ነገር ናት፤ ለአንተ እኮ ሻይ እስኪፈላ ነው” ይሉኛል። ትንሿ ነገር ስትገለጥ ብዙ ክንፍ ያላት ዘንዶ ሆና ትገኛለች። ዘንዶዋ የካርኒቫሉ ውድድር በሚካሄድበት በሳቫና መድረክ ላይ ወጥታ ስታሸንፍ የሚጠራው የቡድኑ መሪ ስም ነው፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አጨበጭባለሁ። ሥራ የምቀበለው በአውራ ጣቴ እየፈረምኩ ስለነበር፣ ስሜ የተጻፈበት ሥራ አልነበረኝም።

ዘንድሮ ግን የራሴን ሠራሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላስቸኮለኝም፤ ከሰው ሥራ በተረፈችኝ ሰዓት ሁሉ ለራሴ አጠፍኩ። የባሕር ኤሊ ናት። ከመኪናዎ ትበልጣለች፤ መኪናዎን አይቻታለሁና ነው። ሰው መሃሏ ገብቶ በትከሻው ይሸከማታል፣ ከሥሯ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ያግዙታል፤ እጁን ሲዘረጋ የእሷም የፊት እጆች አብረው ይዘረጋሉ። ከጀርባዋ ሸንተረር እስከ እጇ ጫፍ ድረስ አንድም መገጣጠሚያ የላትም። ሌሎቹ ሽቦ አጣፊዎች ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ፣ በፕላስተር ይጠቀልላሉ፤ እኔ በወጥ ሽቦ ነው የሠራኋት። ስለዚህ እጇን ስታነሳ ጀርባዋ አብሮ ይተነፍሳል። ይህን ነገር በሚስተር ክሊዮፋስ መሸታ ቤት ለሁሉም ነግሬያለሁ፤ የሰሙትም እንዳይረሱ ደግሜ ነግሬያቸዋለሁ። በውድድሩ መመዝገቢያ ላይ “የሠሪው ስም” በሚለው ቦታ ስሜን በእጄ ጻፍኩ፤ መዝጋቢዋ ወረቀቱን ልትቀበለኝ እጇን ብትዘረጋም፣ ትንሽ ላየው ብዬ አልሰጥ አልኳት።

የሚጨፍርባት አልዊን የሚባል ወዳጄ ነው። አልዊን ያደገው ኤሊዎች እንቁላል ሊጥሉ በሚወጡበት በሰሜኑ ባሕር ዳርቻ ስለሆነ፣ አካሄዷን ያስተማረኝ እሱ ነው። “እንደ ዳክዬ አታቅልላት፣ ኦሲ! ኤሊ መሬት ስትረግጥ እየከበዳት ነው የምትሄደው፤ ክብደቱን ስጠኝ” ይለኝ ነበር። እንደጠየቀኝም ሰጠሁት። ችግሩ የዳሌው አጥንት መበላቱ ነው፤ ሐኪሙም ከዚህ ካርኒቫል በኋላ በትከሻህ ዣንጥላ እንኳ አታስደግፍ ብሎታል። ስለዚህ ሌላው ሰው “ለሚቀጥለው ዓመት” እያለ የሚጽናናበት ነገር እኛ ጋ የለም። ውድድሩ ዓርብ ማታ ነው። ይህችን ቀን ልብ ይበሉልኝ።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ። ፊደል ያስቆጠረችን የማታ ትምህርት ቤት መምህራችን ሚስ ቨርና፣ ነገር በቁጥር ሲቀመጥ ትልቅ ሰው ያነበዋል ስላለችን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ የበፊቱን ደብዳቤዬን ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። ሚስ ቨርና ለመመረቂያ እያንዳንዳችን አንዳንድ እውነተኛ ደብዳቤ ለእውነተኛ ባለሥልጣን እንድንጽፍ አዝዛን ነበር። ሌሎቹ ለፖስታ ቤት ጻፉ። እኔ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ ለእርስዎ ጻፍኩ። ቅያሳችን ጨለማ ስለሆነና ጎረቤቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደ አክስቱ ታንቲ ዩላሊ እያለ የሚጠራት አሮጊት፣ ደረጃው ላይ ስለወደቀች፣ አንድ የመንገድ መብራት እንዲተከልልን ለመንኩ። ቅያሱ በአፉ ሲለምንዎ ኖሮ መልስ አላገኘም፤ እኔ በጽሑፍ ብለምንዎ ወዲያው ሰሙኝ። በደብዳቤዬ ላይ “ከደጃፌ ፊት ለፊት፣ መሃል ለመሃል ይሁንልኝ፤ ወደ ጎን ከሆነ ታንቲ ዩላሊ የእኔ ነው ትላለች” ብዬ ነበር። የሠርግ ቅስት ላደርስ ሄጄ ስመለስ፣ የኮንክሪት ምሰሶ ከደጃፌ ፊት ለፊት፣ መሃል ለመሃል፣ እንደ ዘበኛ ቆሞ ጠበቀኝ። ታንቲ ዩላሊ ለሠራተኞቹ ጭማቂ አጠጥታ፣ ደረጃዋ ላይ ቁጭ ብላ “ልጄ፣ ደብዳቤህ ደረሰ!” አለችኝ።

ክቡርነትዎ የኔን ግቢ ስለማያውቁት ላስረዳ። ደጃፌ ከታንቲ ዩላሊ ቤት ግድግዳና ከገደሉ መሃል ያለች ክፍተት ናት። ኤሊዋን ስጀምር ለክቻለሁ፤ በአፍንጫዋ ትወጣለች፣ በጎኗ ትጋደማለች፣ ከዚያ ቅያሱ ላይ ዞራ ትሄዳለች። የምትዞርበት ቦታ አሁን ምሰሶው የቆመበት ነው። ከምሰሶው ማዶ ደግሞ የድንጋይ ግንብ አለ። እሑድ ዕለት ሞከርናት፤ ሰፈሩ ከነምክሩ ወጣ። አንዱ “ወደ ግራ!” ይላል፤ አልዊን ከውስጥ ሆኖ “የማን ግራ?” ይላል፤ ሌላው “የኤሊዋ ግራ ነዋ!” ይላል፤ ሚስተር ክሊዮፋስ መሸታ ቤቱን ዘግቶ መጥቶ “መገጣጠሚያ የላትም ብለኸን አልነበር? ይኸው በሩም የሚገጥማት አልሆነም” ብሎ ያስቃቸዋል። እኔም ሳቅሁ። ቀኝ እጇ ምሰሶው ላይ ተይዞ ጀርባዋ ሲጮህ ግን ሳቄ ቆመ። ሽቦ ሊሰበር ሲል ይጮሃል፤ ይህን የሚያውቁት የሚያጥፉት ብቻ ናቸው። መልሰን አስገባናት።

ሁለተኛ፣ ስለ መብራቱ አመሰግናለሁ፤ ማለቴ ስለሌለው መብራት። ምሰሶው አምፖል የለውም፣ አምፖል የሚንጠለጠልበት ክንድ የለውም፣ ሽቦም የለውም። ይህን ለሠራተኞችዎ አለቃ ስነግረው ቅር ብሎት “መብራቱ ሌላ ክፍል ነው፤ እኛ ምሰሶ ነን” አለኝ። ስለዚህ ታንቲ ዩላሊ ድሮ በጨለማ ደረጃው ላይ ትወድቅ ነበር፤ አሁን በዚያው ጨለማ ከምሰሶው ጋር ትጋጫለች። እድገት ነው።

ሦስተኛውን ሚስ ቨርና ሰረዘችው። ስድብ ነው አለች። እኔ እውነት ነው ብዬ ነበር፤ ሁለቱም ሊሆን እንደሚችል አስረዳችኝ።

አራተኛ፣ ቢሮዎ ስላደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ምሰሶው ወደ ጎን እንዲዛወር ልለምን በመጣሁ ጊዜ ሁሉ ጸሐፊዎ በፈገግታ ነገን ትሰጠኛለች። በመጨረሻ ከእርስዎ በታች ያለው ወጣት ሹም አዘነልኝና ፋይሉን ከፈተ፤ ደብዳቤዬን አውጥቶ ጣቱን አስቀመጠበትና “ይቺ ያንተ ፊርማ አይደለችም?” አለኝ። ናት። ፊርማዬ ከዚያ በፊት የሠራችው ጥፋት የለም። አውራ ጣቴን እያተምኩ በኖርኩበት ዘመን “አንተ ነህ ያልከው” ብሎ አውራ ጣቴን የተቆጣው ሰው አልነበረም። ወጣቱ ቀጠለና የማዛወር ጥያቄ የሚታየው ኮሚቴው ሲሰበሰብ እንደሆነ፣ ኮሚቴው ደግሞ አባላቱ ሁሉ ካርኒቫል ስለሚጨፍሩ የሚሰበሰበው ከካርኒቫል ማግስት፣ በአመድ ረቡዕ እንደሆነ ነገረኝ። ግንባራችን ላይ አመድ ተቀብተን “ሰው ሆይ፣ አፈር ነህ” በምንባልበት ጠዋት ኤሊዬ ደጅ ትወጣለች ማለት ነው። ልሄድ ስነሳም ልጁ በቅንነት “ለምን አትቆርጣትም? ያው ሽቦ አይደለች?” አለኝ። ክፋት የለበትም። ከባሕሩ አጠገብ እየኖረ፣ ባሕሩን “ያው ውኃ አይደል?” ሊል የሚችል ልጅ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀብኝ።

ሌላ መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ። በታንቲ ዩላሊ ጣሪያ ላይ ላሳልፋት አስቤ፣ ታንቲ “ልጄ፣ ካስፈለገ እኔን አፍርሰህ እለፍ” ብላኝ ነበር፤ ጣሪያው ግን ድመቷን እንኳ የሚሸከመው እየተነጫነጨ ነው። በገደሉ በኩል በገመድ ላወርዳት ሞክሬ፣ የነፋሱን ነገር አይቼ ተውኩት። በሌሊት ምሰሶውን ራሴ ልገነድሰው አስቤም ነበር፤ ይህንን የምጽፍልዎ ሐቀኛ ሰው መሆኔን እንዲያውቁ ነው እንጂ፣ አልሞከርኩም ለማለት አይደለም። ኮንክሪታችሁ ጥሩ ኮንክሪት ነው።

ትናንት አልዊን እያነከሰ መጣ። ኤሊዋን ዞር ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያ ምሰሶውን አየው። “እኛ ዳርቻ ሆቴሎቹ መብራት ሲያበሩ ኤሊዎቹ ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ ይጠፋባቸዋል፤ ያንተዋን ያሳታት ያልበራ መብራት ነው” አለኝ። ልስቅ ስል ፒንሳዬን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

“ቁረጣት” አለኝ።

“መገጣጠሚያ የላትም እኮ፣ አልዊን።”

“ስማኝ፣ ኦሲ። አንተ የምትፈልገው ልትመካባት ነው። እኔ የምፈልገው ልጨፍርባት ነው። ያንተ ጉራ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል፤ የኔ ዳሌ አይደርስም።”

ፒንሳውን ይዤ ከቀኝ እጇ ብብት አጠገብ ቆምኩ። ሽቦው እዚያ ጋ ሦስት ጊዜ ተጠማዞ ነው ወደ ጀርባዋ የሚወጣው፤ ያንን ለማግኘት ስንት ሽቦ እንደጣልኩ የማውቀው እኔ ነኝ። የፒንሳውን ጥርስ ሽቦው ላይ አስነከስኩ። መጨበጥ አቃተኝ። አልዊን ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ጠበቀኝ፤ ብዙ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። የተቆጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው። መብራቱን አልፈልገውም፤ ጨለማችንን እናውቀዋለን። ምሰሶውን ለሚወዱት ሰው ይስጡት፤ ካልሆነም ሠራተኞችዎን ዓርብ ጠዋት ይላኩልኝና አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ያድርጉልኝ፤ ቁፋሮውን እኔ እቆፍራለሁ፣ ጭማቂውን ታንቲ ታቀርባለች። ካልመጡ ግን እቆርጣታለሁ። አልዊን መጨፈር አለበት። እቆርጣታለሁ፣ ቅያሱ ላይ አወጣታለሁ፣ እዚያው እንደ ሌላው ሰው እቀጥላታለሁ። ሳቫና መድረክ ላይ እጇን ስታነሳ እጇ ብቻ ይነሳል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ልዩነቱን አያውቅም። አልዊን ግን ትከሻው ላይ ስላለች ያውቀዋል፤ እኔም ከአጥሩ ማዶ ሆኜ አውቀዋለሁ።

የቢሮዎ በር ሰፊ፣ ከፊቱም ምንም ያልተተከለበት ሆኖ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከነሙሉ አክብሮቴ፣ ከነቀሪው ትዕግሥቴ፣ በገዛ እጄ ጽፌ በገዛ እጄ የፈረምኩ፣

ኦስሪክ ፒየር
ሽቦ አጣፊ፣ የሚስ ቨርና የማታ ክፍል ተመራቂ፣ ጉዋቫ ቅያስ፣ ከምሰሶው ጀርባ

ማሳሰቢያ፦ ሽቦ ተቆርጦ ሲቀጠል መገጣጠሚያው በመድረክ መብራት ስለሚያብረቀርቅ በጨርቅ መሸፈን አለበት። ለቀኝ እጇ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ገዝቻለሁ፤ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰውም በደንብ ይታያል። ድሮ ቢሆን አበባ እሥልበት ነበር፤ አሁን መጻፍ ስለምችል የክቡርነትዎን ሙሉ ስም ከነማዕረግዎና ከነክፍልዎ፣ ከምስጋናዬ ጋር፣ በጥቁር ቀለም ላሰፍርበት አስቤያለሁ፤ አልዊን እጇን ባነሳ ቁጥር ይነበባል። ቀለሙን በጥብጬዋለሁ። ጨርቁ እስከ ዓርብ ጠዋት ባዶ ነው።