የጋሽ ተክሌ ስፒከር

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ

ለቀበሌ የጠቆመኝ ጎረቤቴ ጋሽ ተክሌ ነው። ዛሬ አብዮት ጠባቂው ራሱ ነገረኝ። «የውጭ ሬዲዮ ያሰማል» ብሎ! ማታ ማታ የኔን ዘፈን እየሰማ እራቱን የሚበላ ሰው!

ቴፑን በተበላሸው የአባቴ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ የቀበርኩት እኔ፣ ከዚያ ሽቦ ስቤ በየቤቱ ስፒከር የሰቀልኩት እኔ። ካሴቱ እኔ ጋ ነው፤ የሚሰማው ግን ግቢው በሙሉ ነው። ባለፈው ሳምንት አብዮት ጠባቂዎቹ መጥተው የሬዲዮውን ቁልፍ ቢያዞሩ ድምፅ የለም፤ ስቀው ሄዱ። ከዚያ በፊት ግን ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አቁመውኛል። ይቺን አልረሳትም።

ከሰዓት በኋላ የጋሽ ተክሌን ሽቦ በፒንሳ ቆረጥኩት። አንጀቴ ራሰ። ምን ዋጋ አለው! ሽቦው ከቤት ወደ ቤት እየተያያዘ እንደሚሄድ በንዴት ረስቼዋለሁ፤ ከሱ ወዲያ ያሉት ቤቶች ሁሉ ጭጭ አሉ። ከሱ ቀጥሎ ያለችው አዴ ፋጡማ ከበሯ ብቅ ብላ «ዋሪያ፣ ሱማሊኛው ዘፈን የት ገባ?» አለችኝ። 

የጋሽ ተክሌን ቤት ዘልዬ፣ በጣሪያው ላይ አዲስ ሽቦ በቀጥታ ወደ አዴ ፋጡማ ልወስድ መሰላል አመጣሁ። ጋሽ ተክሌ በቁምጣው ሮጦ ወጣ። የሱን የምጠግን መስሎታል።

«አይዞህ ልጄ፣ እኔ እይዝልሃለሁ» አለኝ።

በዚያ ሙቀት ላብ በላብ ሆኖ፣ እስክጨርስ መሰላሉን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘልኝ። ስወርድ «እግዜር ይስጥህ» አለኝ።

አሜን አልኩ።