የዚያ ሐሙስ ድምፅሽ

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለእማየ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ላሚቱ ወለደች? አጎቴ ክንፈሚካኤል፣ ጎረቤቱ፣ የደብሩ ሰው ሁሉ እንደምን አሉ? የእኔን ጤና ከጠየቅሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይህች ቃል በእኔና በአንቺ መካከል ከተበላሸች ወዲህ እንደ ድሮው አልጽፋትም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክ ከሆነ አንቺ ድምፅሽን ታስተካክያለሽ፣ እኔም የአንቺን ሰምቼ የእኔን አስተካክላለሁ፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ አውርተን እንዘጋዋለን። በመሠረተ ትምህርት የለየሻቸው ፊደሎች እንዳያስቸግሩሽ ጎላ ጎላ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ለሌላ ሰው አታስነብቢው፤ ቀስ እያልሽ ራስሽ አንብቢው።

ተቀብለውኛል፣ እማየ። ያ ያመለከትኩበት የውጭ አገር ማስተርስ፣ የሶሻል ወርኩ፣ አልፈሻል ብለው ጽፈውልኛል። ከየአገሩ ከመጡ ተማሪዎች ጋር ከአንዱ የአውሮፓ ከተማ ወደ ሌላው እየተዘዋወርን የምንማረው ነው። መምጣት መቅረቴን እስከ ወሩ መጨረሻ እንዳሳውቃቸው ይፈልጋሉ። አባየ ቢሰሙ ኖሮ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ትምህርቱ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ፣ የተጣላ ማስታረቅ፣ የተቸገረ ማየት፣ ያዘነ ማጽናናት ነው ብላቸው፣ ታዲያ ይኸን እኔ ያለ ደመወዝ ስሠራው ኖሬ የለም ወይ፣ ለዚህ ደግሞ ባሕር መሻገር ምን አመጣው ብለው ሳቁብኝ። ሲስቁ ትከሻቸው ነበር የሚንቀጠቀጠው።

ደስታውን ግን ልደሰተው አልቻልኩም። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፤ አንድም ቀን ግን ተረጋግተን ተነጋግረንበት አናውቅም።

በእኔ በኩል የነበረውን ሐሙስ ልንገርሽ። ቃለ መጠይቁ በኮምፒዩተር እየተያዩ ስለሆነ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ሃያት፣ የእኛ ኔትወርክ አያስተማምንም ብላ ቡሬ ወዳለው የወንድሟ የኢንተርኔት ቤት ልትወስደኝ ነበር። ሚኒባስ ሳልሳፈር ለምርቃት ደወልኩልሽ። አባየን አገናኚኝ ስልሽ፣ በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጡ ወርደዋል አልሽኝ። የሰው ድምፅ ይሰማኛል፣ ማን መጥቶ ነው ብልሽ፣ የማኅበር ሰዎች ናቸው አልሽ። ከዚያ መረቅሽኝ፤ የእሳቸውንም እኔው ልስጥሽ ብለሽ ደግመሽ መረቅሽኝ። ድምፅሽ ጠንካራ ነበር። እንዲያውም ሚኒባሱ ውስጥ፣ እማየ ዛሬ ደስ ብሏታል ብዬ ለሃያት ነገርኳት። ሃያት በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ሦስት ሆነው ጠየቁኝ። አንዷ ጸጉሯ የሸበተ ሴት፣ በእናንተ ዘንድ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ማኅበረሰቡ እንዴት ይደግፈዋል አለችኝ። የማውቀው ነገር በመምጣቱ ደስ አለኝ፤ መርዶን ነገርኳት። እኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ሰው እንዲሁ በስልክ አይነገረውም አልኩ። መንገድ ላይ ከሆነ እስኪደርስ፣ ፈተና ካለበት እስኪጨርስ ይደበቅለታል። ከዚያ የሚወዱት ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ ቤቱ ይሄዳሉ፣ ብቻውን እንዳይሰማው። የማወቅ መብቱስ አለችኝ። እኛ ይህን የምንቆጥረው እንደ ፍቅር ነው ብዬ ኮራ ብዬ መለስኩላት፤ ጻፈችው። ከኋላዬ የተቀመጠችው ሃያት ወንበሯን ገፍታ ወጣች። ኔትወርኩን ልታይ የወጣች መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው አጎቴ ጋቢውን፣ አከራዬ ወይዘሮ ሸጋዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሃያት ከኋላቸው ቆማ አየሁ። ማንም ቃል ሳይናገር አወቅሁ። የጮህኩት ግን ቆይቼ ነው፤ መጀመሪያ ያሰብኩት የበሬዎቹን ውሃ ነበር።

ቤት ስደርስ በለቀስተኛው ፊት ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። አፈር ሲለብሱ እንኳ ሳላያቸው ቀበርሽብኝ አልኩሽ። ቀና ብለሽም አላየሽኝ። በሰልስቱ ማግስት ጥዬሽ ሄድኩ። ዛሬም ልክ ነበርሽ አልልሽም፣ እማየ። አባቴን መሸኘት የእኔም ድርሻ ነበር። ትምህርት ዘንድሮ ቢያልፍ ለከርሞ ይመጣል፤ የአባየ ቀብር ግን አንድ ነበር።

በአርባቸው ዕለት ግን አጎቴ ለብቻዬ ጠርቶ አንድ ነገር ነገረኝ። ስልኩ ሲጮህ አስከሬኑ ግቢ ወጥቶ፣ አልቃሿ እየገጠመች፣ ሰው ደረቱን እየመታ ነበር አለኝ። እኔ መሆኔን አውቀሽ እጅሽን አነሳሽ፤ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ለቅሶውን ዋጠ። እዚያ መካከል ቆመሽ ነው በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጡ ወርደዋል ያልሽኝ። ስልኩን ዘግተሽ ነው የወደቅሽው። ከዚያ ወዲህ ልቆጣሽ ስነሳ ያ እጅሽ ይመጣብኛል፤ ደግሞ እንደገና እቆጣለሁ። እንዲህ እያልኩ ነው የከረምኩት።

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ትናንት ነው። ማለፌን ልነግርሽ ደወልኩ። መጀመሪያ ጤናሽን ብጠይቅሽ፣ ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ አልሽኝ። ከኋላሽ የሰው ድምፅ ነበር። ማን መጥቶ ነው አልኩሽ። የማኅበር ሰዎች ናቸው አልሽ።

እማየ፣ ማኅበርሽ የማርያም ነው። ትናንት ማርያም አልነበረችም። ድምፅሽም እንደዚያ ሐሙስ ጠንካራ ነበር።

ዜናዬን ሳልነግርሽ ዘጋሁት። አጎቴ ጋ ብደውል አያነሳም። ለሃያት ቅዳሜ እናቴ ጋ ልሄድ ነው ብላት፣ አብሬሽ እሄዳለሁ አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ስለዚህ ቅዳሜ እንመጣለን። ፊትሽን ሳላይ ለትምህርት ቤቱ ሰዎች መልስ አልሰጥም። ትምህርቷ እንዳይሰናከል ብለሽ ሰዉን ቃል አስገብተሽው ከሆነ ፍቺላቸው። የመጣው ምንም ይሁን፣ ካንቺ አፍ ልስማው። አጎቴ ጋቢውን አዘቅዝቆ ዳግመኛ በሬ ላይ እንዳይቆም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የአጎቴ ልጅ ይታገሱ ነው፤ ምሳ ሳታበይ አትስደጂው። የአባየን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። አንቺን ደግሞ የምታዘክሪያት እመቤቴ ትያዝልኝ፤ ክረምቱንም፣ ከክረምት ወዲያም ያለውን በጋ አብረን እንድናይ ትፍቀድልን።

ቅዳሜ ስገባ ተኝተሽ ከሆነ አትነሺልኝ። ድምፅሽንም አታስተካክዪልኝ።

ልጅሽ