ሦስት ቀማሾችና የመጨረሻዋ ጠርሙስሽ

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ከተለየሽኝ አስር ወር ሆነ። ሐይቅ እንዳለች ናት፤ ባጃጁ ብቻ በዝቷል። የጠጅ ቤታችን በር ከቀብርሽ ወዲህ አልተከፈተም። ደንበኞችሽ ሲያልፉ ያዩትና ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔም አልከፍተውም፤ ምን ልቀዳላቸው?

ለሙት ዓመትሽ ያንቺን የመሰለ ጠጅ ልጥል ብዬ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ማሩን አቶ ሰይድ እንደ ድሮው ከአምባሰል አመጣልኝ፤ ጌሾውም ገበያ ከዚያችው ከምትገዥባት ሴት ነው። ሆኖልኝ እንደሆነ ግን በምን ልወቅ? ታመሽ ስትተኚ ግሸን ሄጄ፣ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ፣ «እናቴ እስክትድን ጠጅ በአፌ አይገባም» ብዬ ለማርያም ተስያለሁ። አንቺ አልዳንሽም። ስለዚህ ስለቱ ዕድሜ ልኬን የታሰረብኝ መሰለኝ።

ቀማሽ ጠራሁ። ለሰርግ ለተዝካር ቅመሱልን የሚባሉትን ሦስቱን ታውቂያቸዋለሽ፤ ጋሽ ታደሰ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡና መሪጌታ። የኔን ገና በአፋቸው እንዳደረጉ ሦስቱም «ይሄስ የእሷ አይደለም» አሉ። እኔ ካልቀመስኩት ቆይቻለሁና፣ ታዲያ የእሷ ምን ይመስል ነበር ብዬ፣ ጓዳ ያኖርኳትን ያንቺን የመጨረሻ ጠርሙስ አወጣሁ። እነሱ ሊቀምሱ፣ እኔ በልጄ ደብተር ልጽፍ።

ጋሽ ታደሰ «ደረቅ ነው፣ ጌሾው ኋላ ላይ ጉሮሮ ይይዛል» አሉ። እትዬ ዘነቡ ተቆጡ፤ «ምን ጌሾ አለውና! ማሩ አይደል እንዴ ከንፈር ላይ የሚቀረው?» መሪጌታ ደግሞ ሁለቱንም ትተው ጋኑ የታጠነበትን ወይራ ብቻ አገኙ። ከአንድ ጠርሙስ እኮ ነው፣ እማዬ! «እስቲ ድገሚን» አሉ። ቀዳሁላቸው። በደገሙ ቁጥር ጭራሽ ተራራቁ። እየጻፍኩ እየሰረዝኩ ቆይቼ ቀና ስል ጠርሙሷ ባዶ ሆናለች።

በማግስቱ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ያ ስለት እኮ እሷ ስታርፍ አብሮ አልቋል። ምነው ቀድመሽ በጠየቅሽኝ» አሉኝ። እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አንዲት ጉንጭ ማለት እችል ነበር። በእጄ ይዤው፣ በገዛ እጄ ለሰው ቀድቼ ጨረስኩት።

አቶ ሰይድ ባገኘኝ ቁጥር «አብሽሪ እህቴ» ይለኛል። እሺ እላለሁ። ቤት ገብቼ ደብተሩን አነባለሁ፤ የሦስቱንም ቃል አንድ ላይ፣ ከዚያም ለየብቻ። አንቺ የለሽበትም። አሁን የራሴን ጠጅ እቀምሳለሁ፤ ግን ከምን ጋር ላስተያየው?

ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ከዚሁ እቀዳለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሰዉ ሊያጽናናኝ ብሎ «ልክ የእናትሽ!» ይለኛል። እውነት ይሁን ውሸት የማውቅበት ምላስ የለኝም። አልዋሽሽም፣ እናቴ፣ ጣዕሙ ጠፍቶብኛል። ከማን እጅ እንደጠፋብኝ ግን እስክሞት አልረሳም።

ልጅሽ