አሥረኛው ጉድጓድ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018

የአባዬን ጓደኛ ጋሽ ተፈራን፣ ስማቸው ተፈራ ቢሆንም፣ እስከ ዛሬ ማንም ፈርቷቸው አያውቅም ነበር። እንጦጦ ጎልፍ ስንጫወት፣ "የታችኛው ሜዳ ይሻላል፣ ለጥ ያለ ነው፤ የዚህ ዳገት ነፍስ ያስወጣል" አሉ።

እኔ ለአባዬ፣ "የታችኛው ሣርማ እንደ እሳቸው ራስ መሀሉ በረሃ ነው" ብዬ አንሾካሾክኩ። አባዬ በሳቅ ፈነዳ።

"ማነው ራሴን በረሃ ያለው?" ብለው ዞሩ።

"እኔ ነኝ፤ ምን ታመጣለህ?" አለ አባዬ።

በጎልፍ ዱላቸው ግንባሩን አሉት። ሣሩ በደም ራሰ። ሜዳው ዘጠኝ ጉድጓድ ነበረው፤ አሥረኛው አባዬ ግንባር ላይ ተከፈተ። ስድስት ቦታ ተሰፋ። መኪና ውስጥ፣ "አንቺ ዝም በይ" አለኝ።

አሁን ጋሽ ተፈራ ደጃችን ቆመው፣ "ወንድሜን ይቅርታ ልጠይቀው" እያሉ ያለቅሳሉ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ግን እኔ ነኝ። የበሩ ቁልፍም እኔ ጋ ነው…